ቁራጩ የማን ነው? ኮላዥ፣ የዘመኑ ሠዓሊያንና ሕግ

ብዙዎቻችን ኮላዥ የሚባለውን የሥነ ጥበብ ዘዴ ስሙን ከመስማታችን በፊት በዓይናችን አይተነዋል፡፡ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ አፈር እንዳያራግፍና ነፋስ እንዳያስገባ፣ ቤቱም ደመቅ እንዲል በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ይለጠፍ ነበር፡፡ ሙጫው በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ነው፡፡ ከአዲስ ዘመን ርዕሰ አንቀጽ ጎን የሶቪየት ትራክተር፣ ከትራክተሩ ሥር የሳሙና ማስታወቂያ፣ ከዚያ ወዲያ የአንዲት የውጭ አገር ተዋናይት ፊት፡፡ ልጅ ሆነን አልጋ ላይ ተጋድመን ይህንን ግድግዳ እያነበብን ያደግን ጥቂቶች አይደለንም፡፡ ገጾቹን የለጠፈችው እናት ጋዜጣውን ያሳተመውን ድርጅት፣ ፎቶግራፉን ያነሳውን ሰው ወይም ተዋናይቷን አላስፈቀደችም፡፡ እንድታስፈቅድ የጠበቀባትም አልነበረም፡፡

ያው ግድግዳ እንዳለ ተነስቶ በአንድ ጋለሪ ቢሰቀል፣ የአንድ ሠዓሊ ፊርማ ቢያርፍበትና በመቶ ሺሕዎች ብር ቢሸጥስ? ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ፡፡ ኮላዥ ግን ይህንን ተረት ሲሞግት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥበብ ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የዘመናችን ሠዓሊያን በወረቀት፣ በቁሳቁስ፣ በፊልም፣ በድምፅና በኮምፒውተር የሚሠሩትን ኮላዥ በአጭሩ ካየን በኋላ፣ የሌላ አገር ፍርድ ቤቶች የሰጡትን ውሳኔና የእኛን ሕግ እንመለከታለን፡፡ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ቃሉና አጀማመሩ

«ኮላዥ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን መሠረቱ «ማጣበቅ» የሚለው ግስ ነው፡፡ በሥነ ጥበብ ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ዓመት 1912 ነው፡፡ በዚያ ዓመት ፓብሎ ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበትን የፋብሪካ ጨርቅ ሸራው ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ ከበበው፡፡ ጓደኛው ዦርዥ ብራክም በዚያው ዓመት እንጨት የሚመስል የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ ሥዕሉ ውስጥ አስገባ፡፡ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በርሊን ውስጥ ሐና ሆክ የጋዜጣና የመጽሔት ፎቶግራፎችን እየቆረጠች የጀርመንን ፖለቲከኞች፣ ወታደሮችና ዳንሰኞች በአንድ ገጽ ላይ ቀላቀለች፡፡ ይህ ዓይነቱ በፎቶግራፍ የሚሠራ ኮላዥ ፎቶሞንታዥ ይባላል፡፡

አንድ ነገር ልብ እንበል፡፡ የፒካሶ ጨርቅ ላይ ያለውን ሽመና የነደፈ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፡፡ ሆክ የቆረጠቻቸውን ፎቶግራፎች ያነሳ ሰው ነበረ፡፡ በፎቶግራፎቹ ውስጥ ደግሞ ፊታቸው የሚታይ ሰዎች ነበሩ፡፡ እንግዲህ ኮላዥ ከመጀመሪያው አንስቶ ሦስት ሰዎችን ያገናኛል ማለት ነው፡፡ እነሱም ቆራጩ፣ ቁራጩ የተወሰደበትን ሥራ የሠራው፣ እንዲሁም በቁራጩ ውስጥ የሚታየው ሰው ናቸው፡፡ በተግባር ሕጉ የሚያዳምጠው በአብዛኛው ሁለቱን ብቻ ነው፡፡ ሦስተኛው ይረሳል፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው፡፡

በመቀስና በወረቀት

በወረቀት ኮላዥ ስሟ ከሚጠቀሱት አንዷ አሜሪካዊቷ ማርታ ሮዝለር ናት፡፡ ከ1967 ገደማ እስከ 1972 በሠራቻቸው ተከታታይ ሥራዎች የቬትናምን ጦርነት ፎቶግራፎች ከላይፍ መጽሔት፣ ያማሩ የሳሎን ፎቶግራፎችን ደግሞ የቤት ማስጌጫ መጽሔቶች ላይ እየቆረጠች አገናኘቻቸው፡፡ አንዲት እመቤት የመስኮቷን መጋረጃ ስታጸዳ ከመስኮቱ ውጪ የሚታዩት ምሽግ ውስጥ ያሉ ወታደሮች ናቸው፡፡ ሮዝለር መጀመሪያ ላይ ሥራዎቹን ወደ ጋለሪ አልወሰደቻቸውም፡፡ በፎቶ ኮፒ እያባዛች በፀረ ጦርነት ሰልፎች ላይ ታድላቸው ነበር፡፡ በ2004 እና በ2008 በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች ላይ ወደዚሁ ዘዴ ተመልሳለች፡፡ እሷ ዘንድ መቁረጥ ራሱ ክርክር ነው፡፡ መጽሔቱ በተለያየ ገጽ ለያይቶ ያስቀመጠውን ነገር አንድ ላይ አድርጋ «ይህ ሳሎንና ይህ ጦርነት የአንድ አገር ናቸው» ትላለች፡፡

በ1972 ናይሮቢ የተወለደችው ዋንጌቺ ሙቱ ደግሞ የፋሽን መጽሔቶችን፣ የአፍሪካን ሰውና አውሬ የሚያሳዩ የጉዞ መጽሔቶችንና የድሮ የሕክምና ሥዕሎችን እየቆራረጠች የሴት አካል ትሠራለች፡፡ ከ2004 እስከ 2006 በሠራቻቸው 12 ሥራዎች መደቡ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የማኅፀን ዕጢ የሕክምና ሥዕል ሲሆን፣ በዚያ ላይ የተለጠፉት ቁርጥራጮች የሴት ፊት ሆነው ይታያሉ፡፡ የአፍሪካዊት ሴት አካል በሐኪሙ፣ በቱሪስቱና በማስታወቂያ ሠሪው ዓይን እንዴት ሲታይ እንደኖረ ለማሳየት የእነዚያኑ ሰዎች ምስል መጠቀም ነበረባት፡፡ በእጇ ብትስለው ኖሮ ክሱ ማስረጃ አይኖረውም ነበር፡፡

በ1983 ኢኑጉ የተወለደችው ናይጄሪያዊት ንጂዴካ አኩኒሊ ክሮስቢ መቀስም ሙጫም ብዙ አያስፈልጋትም፡፡ የቤተሰቧን አልበም ፎቶግራፎች፣ የናይጄሪያ ዘፋኞችንና ጄኔራሎችን ምስል በኬሚካል አማካይነት ወደ ወረቀቱ ታሳልፋቸዋለች፡፡ ከሩቅ ሲታይ የተቀባ ሳሎን ነው፤ ቀረብ ሲሉት ግድግዳውና ምንጣፉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶግራፎች የተሞላ ነው፡፡ በጋዜጣ የተለጠፈውን የእኛን ግድግዳ የሚያስታውሰኝ የእሷ ሥራ ነው፡፡

አሜሪካዊው ማርክ ብራድፎርድ ተቃራኒውን ይሠራል፡፡ ለጥፎ፣ ለጥፎ፣ ከዚያ በመፋቂያ ማሽን ይልጠዋል፡፡ እናቱ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራቸው፤ እሱም እዚያው ሠርቷል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ የተጠቀመውም ፀጉር ለመጠቅለል የሚያገለግሉትን ስስ ወረቀቶች ነው፡፡ ከዚያ በሎስ አንጀለስ የድሃ ሰፈር አጥሮች ላይ የሚለጠፉ የንግድ ማስታወቂያዎችን እየገነጠለ መደራረብ ጀመረ፡፡ በ2017 በቬኒስ ቢየናሌ አገሩን ወክሏል፡፡ ከእሱ በፊት ዣክ ቪልግሌ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1949 ጀምሮ ከፓሪስ ግድግዳዎች የተቀዳደዱ ፖስተሮችን እየላጠ ሥዕል አድርጎ ሲያሳይ ኖሯል፡፡

ከሚናሌሽ ተራ እስከ ሙዚየም

ቁራጩ ወረቀት ሳይሆን ዕቃ ሲሆን ሥራው አሰምብላዥ ይባላል፡፡ በዚህ ዘርፍ የእኛው ኤልያስ ስሜ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው፡፡ በ1968 አዲስ አበባ የተወለደውና በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ኤልያስ፣ ቀድሞ በክርና በአዝራር፣ በኋላም በተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ሲሠራ ቆይቷል፡፡ ከመርካቶ የሚገዛቸውን የኮምፒውተር ሰሌዳዎች፣ የኪቦርድ ቁልፎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች እየፈታ፣ እየጎነጎነና በጣውላ ላይ እየመታ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ወይም ከተማ የሚመስሉ ግዙፍ ሥራዎች ያወጣል፡፡ «ታይትሮፕ» በሚል ርዕስ የሚታወቁት እነዚህ ሥራዎች በአሜሪካ ሙዚየሞች ታይተዋል፡፡ በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ላይም ተሳትፏል፡፡ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል፡፡

ጋናዊው ኤል አናትሱይም ከዚሁ ወገን ነው፡፡ ናይጄሪያ ውስጥ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ዓመታት ያስተማረው ይህ ቀራጺ፣ የአልኮል ጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ እንደ ጋቢ የሚታጠፍ ግዙፍ የብረት ጨርቅ ይሠራል፡፡ በ2015 ቬኒስ የሕይወት ዘመን የወርቅ አንበሳ ሸልማዋለች፡፡

ከሕግ አንፃር እነዚህ ሁለት ሠዓሊያን ከሮዝለርና ከሙቱ ይልቅ እፎይ ያሉ ናቸው፡፡ የኪቦርድ ቁልፍና የጠርሙስ ክዳን የገዛ ሰው ያሻውን ሊያደርግበት ይችላል፤ በክዳኑ ላይ የፋብሪካው ስም ቢኖርም ማንም ሰው ያንን ሥራ መጠጥ ነው ብሎ አይገዛውም፡፡ የሚቀረው ጥያቄ የሕግ ሳይሆን የህሊና ነው፡፡ ያ ሽቦ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ እንዴት መጣ? ሚናሌሽ ተራ ውስጥ ፈታቶ የለየው እጅ የማን ነው? ሥራው ፊት የሚቆም ተመልካች ይህንን እንዲጠይቅ መደረጉ የሥራው አንድ ጉልበት ነው፡፡

ፊልምና ድምፅ ሲቆረጡ

ኮላዥ በጊዜ ውስጥም ይሠራል፡፡ ክርስቲያን ማርክሌይ በ2010 ለንደን ላይ ያሳየው «ሰዓቱ» የተሰኘ ሥራ 24 ሰዓት ይፈጃል፡፡ በሺሕዎች ከሚቆጠሩ ፊልሞች ሰዓት የሚታይባቸውን ወይም የሚነገርባቸውን ትዕይንቶች ቆርጦ ቀጥሏቸዋል፡፡ ሥራው ከሚታይበት ከተማ ሰዓት ጋር ስለሚገጣጠም፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የተቀመጠ ተመልካች ማያው ላይም እኩለ ቀን ሲሆን ያያል፡፡ ረዳቶቹ ፊልም በማየት ብቻ ዓመታት ፈጅተዋል፡፡ በ2011 ቬኒስ ላይ የወርቅ አንበሳ አግኝቶበታል፡፡ ማርክሌይ ሁሉንም የፊልም ኩባንያዎች ላስፈቅድ ቢል ኖሮ ሥራው አይኖርም ነበር፡፡

አርተር ጃፋ በ2016 የሠራው «ፍቅር መልእክቱ ነው፣ መልእክቱም ሞት ነው» የተሰኘው ሥራ ደግሞ ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፡፡ ከዜና፣ ከስፖርት፣ ከኢንተርኔትና ከግለሰቦች ስልክ የተወሰዱ ቁራጮችን በአንድ ዘፈን ላይ ደርድሮ የጥቁር አሜሪካውያንን ደስታና ግድያ ጎን ለጎን ያሳያል፡፡ እዚህ ላይ ሦስተኛው ሰው ጎልቶ ይወጣል፡፡ በፖሊስ ሲደበደብ ወይም ሲገደል በስልክ የተቀረፀ ሰው በሙዚየም ግድግዳ ላይ በየቀኑ ደጋግሞ ይወድቃል፡፡ ጃፋ እንዳይረሳ ብሎ ነው ያደረገው፤ የሟች እናት ግን ምን ትል ይሆን ብሎ መጠየቅ የሥራውን ክብር አይቀንስም፡፡

በሙዚቃ ይህ ዘዴ ሳምፕሊንግ ይባላል፡፡ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሌይ በጋራ ያወጡት አልበም የመክፈቻ ዘፈን ላይ ተቆርጦ ገብቷል፡፡ የአዲስ አበባ የ1960ዎቹ መጨረሻ ድምፅ በዚህ መንገድ አዲስ ጆሮ አግኝቷል፡፡ በድምፅ ቁራጭ ላይ ሕጉ ምን ያህል ጠበቅ ሊል እንደሚችል ግን የጀርመኑ ክርክር ያሳያል፡፡ ክራፍትወርክ የተባለው ቡድን በ1977 ካሳተመው ሙዚቃ ሁለት ሰከንድ ያህል ምት ተወስዶ በ1997 በወጣ ሌላ ዘፈን ውስጥ ተደጋግሞ ገባ፡፡ ክሱ ከ20 ዓመት በላይ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተንከራተተ፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 በሰጠው ውሳኔ፣ ቁራጩ ምንም ያህል ቢያጥር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጆሮ ሊለየው በማይችል መልኩ ከተቀየረ ግን አያስፈልገውም አለ፡፡ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 ጉዳዩን በሌላ ጭብጥ እንደገና ወደዚያው መርቶታል፡፡

የአሜሪካ ዳኞች ምን አሉ?

በምስል ኮላዥ ላይ ብዙ ፍርድ የተሰጠው በአሜሪካ ነው፡፡ የ1976ቱ የአገሪቱ የቅጅ መብት ሕግ «ፌር ዩዝ» የሚለው መርህ አለው፡፡ ፍትሐዊ አጠቃቀም እንበለው፡፡ ዳኛው አራት ነገሮችን ይመዝናል፤ እነሱም የአጠቃቀሙ ዓላማና ባሕርይ፣ የተወሰደው ሥራ ዓይነት፣ የተወሰደው መጠን እና በመጀመሪያው ሥራ ገበያ ላይ የደረሰው ጉዳት ናቸው፡፡

ጄፍ ኩንስ በዚህ ሚዛን ከተመዘነባቸው ጉዳዮች ሁለቱን እንይ፡፡ በመጀመሪያው ጉዳይ አርት ሮጀርስ ያነሳውን የቡችሎች ፎቶግራፍ አስመስሎ ሐውልት አስቀረፀና ሦስቱን በድምሩ በ367,000 ዶላር ሸጠ፡፡ «በኅብረተሰቡ ላይ ለማላገጥ ነው» ቢልም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1992 ፈረደበት፡፡ ምክንያቱም ያላገጠው በፎቶግራፉ ላይ አልነበረም፤ እንዲህ ከሆነ ማንም የማንንም ሥራ ሊወስድ ይችላል፡፡ በሁለተኛው ጉዳይ ከአንድ የፋሽን መጽሔት አንድሪያ ብላንች ያነሳችውን የሴት እግር ፎቶግራፍ ቆርጦ፣ ከሌሎች እግሮች፣ ከኬክና ከፏፏቴ ጋር ቀላቅሎ ትልቅ የቀለም ቅብ ሠራ፡፡ በ2006 ያው ፍርድ ቤት ለኩንስ ፈረደ፡፡ ቁራጩ ለሌላ ዓላማ ጥሬ ዕቃ ሆኗል፣ የፎቶግራፍ አንሺዋም ገበያ አልተነካም የሚል ነው ምክንያቱ፡፡ ኮላዥ ከቅጂ የሚለይበት ነጥብ በእነዚህ ሁለት ፍርዶች መካከል ይገኛል፡፡

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀረብ የሚለው ግን ሦስተኛው ጉዳይ ነው፡፡ ፈረንሳዊው ፓትሪክ ካሪዩ ጃማይካ ውስጥ ከራስተፈሪያን ጋር ለዓመታት ኖሮ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች በ2000 በመጽሐፍ አሳተመ፡፡ ሪቻርድ ፕሪንስ መጽሐፉን ገዝቶ ገጾቹን ቆራረጠ፤ በሰዎቹ ዓይን ላይ ክብ ነገር ለጠፈ፣ እጃቸው ላይ ጊታር አስቀመጠ፣ አጠገባቸው ራቁት ሴቶችን ደረደረ፡፡ ከሥራዎቹ ስምንቱ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ፡፡ ካሪዩ ከመጽሐፉ ያገኘው ከ8,000 ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2013 ከ30ው ሥራዎች 25ቱ አዲስ መልክና አዲስ ስሜት ስላላቸው ፍትሐዊ አጠቃቀም ናቸው አለ፤ አምስቱን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰ፤ በ2014 ባለጉዳዮቹ ታረቁ፡፡

ፎቶግራፍ አንሺው ተደመጠ፡፡ ሠዓሊው ተደመጠ፡፡ በስማቸው ውስጥ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት የቀድሞ ስም የተሸከሙት፣ ምስላቸውንም በሃይማኖታዊ ክብር የሚያዩት ሰዎች ግን በክርክሩ ውስጥ ተከራካሪ አልነበሩም፡፡ ዓይናቸው የተሸፈነው፣ ራቁት ሴት አጠገብ የቆሙት እነሱ ናቸው፡፡ ገንዘቡም ክርክሩም በላያቸው አለፈ፡፡

በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚዛኑን ወደ ፎቶግራፍ አንሺዎች መለስ አድርጎታል፡፡ ሊን ጎልድስሚዝ በ1981 ዘፋኙን ፕሪንስን ያነሳችውን ፎቶግራፍ መነሻ አድርጎ አንዲ ዋርሆል ተከታታይ ምስሎች ሠርቶ ነበር፡፡ ዘፋኙ በ2016 ሲሞት የዋርሆል ፋውንዴሽን አንዱን ምስል ለመጽሔት በ10,000 ዶላር አከራየ፡፡ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ ሁለቱም ሥራዎች የዘፋኙን መልክ ለመጽሔት ለማቅረብ የዋሉ በመሆናቸው በዚህ አጠቃቀም የመጀመሪያው መመዘኛ፣ ማለትም የአጠቃቀሙ ዓላማና ባሕርይ፣ ለፋውንዴሽኑ አያደላም አለ፡፡ «አዲስ መልክ ሰጥቼዋለሁ» ማለት ብቻውን ከእንግዲህ አይበቃም፤ «ለምን ይህንኑ ሥራ መውሰድ አስፈለገህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልጋል፡፡

መቀሱን ኮምፒውተር ሲይዘው

አዲስ አበባ ተወልዳ ኒውዮርክ የምትሠራው ጁሊ ምሕረቱ ሙጫ አትጠቀምም፤ ነገር ግን ላለፉት ዓመታት የዜና ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር አደብዝዛና ቀለማቸውን ለውጣ የሥዕሎቿ መደብ ታደርጋቸዋለች፡፡ የሰልፉ ወይም የእሳቱ ምስል ከሥር አለ፤ ዓይን ግን አይለየውም፡፡ የጀርመኑ ክርክር ለጆሮ ያለውን እዚህ ለዓይን ማለት ይቻላል፡፡ ቁራጩ ሊታወቅ ካልቻለ ከማን ምን ተወሰደ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄውን አክብዶታል፡፡ በጥር 2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ የመሠረቱ ሠዓሊያን ምስል የሚያመነጨውን ሶፍትዌር የ21ኛው ክፍለ ዘመን የኮላዥ መሣሪያ ነው ብለው ገልጸውታል፡፡ ባለሙያዎች ንጽጽሩን ይነቅፉታል፤ ሶፍትዌሩ ከሚሊዮኖች ሥዕሎች የቁጥር ግንኙነት ይማራል እንጂ ቁራጭ አይለጥፍም ይላሉ፡፡ እኔም ንጽጽሩ የሚጎዳው ኮላዥን ነው ባይ ነኝ፡፡ ሐና ሆክና ሮዝለር የቆረጡትን አይተው፣ መርጠው፣ ስለ እሱ የሚሉት ስለነበራቸው ነው፡፡ ቁራጩ ከየት እንደመጣ ተመልካቹ እንዲያውቅ ይፈልጉ ነበር፡፡ ምንጩን የሚደብቅ መሣሪያና ምንጩን ለማሳየት የሚቆርጥ መቀስ አንድ አይደሉም፡፡

በእኛ አገርስ?

በአገራችን ቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ የያዘው ጉዳይ፣ አሁን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና እሱን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ይገዛል፡፡ አዋጁ ለኮላዥ ለብቻው የተጻፈ አንቀጽ የለውም፡፡ እንደ አሜሪካው ዳኛው እንደ ነገሩ የሚመዝነው ጠቅላላ የፍትሐዊ አጠቃቀም ድንጋጌም የለውም፡፡ የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል፡፡ ስለዚህ የኮላዥ ሠዓሊ ሊያውቃቸው የሚገቡት ነጥቦች እነዚህ ናቸው፡፡

አንደኛ፣ መጽሔት የገዛ ሰው የወረቀቱ ባለቤት ነው እንጂ በወረቀቱ ላይ የታተመው ሥራ መብት ባለቤት አይደለም፡፡ ግዙፍ በሆነው ነገርና ግዙፍነት በሌለው መብት መካከል ያለው ልዩነት የሕግ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ነው፡፡ ሥዕሉ ፖስተር ወይም ካታሎግ ሆኖ ሲባዛ ልዩነቱ ዋጋ ያስከፍላል፡፡

ሁለተኛ፣ አንቀጽ 10 ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፡፡ ሆኖም ጥቅሱ ከመልካም ልምድ ጋር የተጣጣመ፣ ከዓላማው ያላለፈና ምንጩ የተገለጸ መሆን አለበት፡፡ በእኔ አስተያየት ሮዝለር የሠራችው ዓይነት ኮላዥ በምስል የተደረገ ጥቅስ ነው፤ አንቀጹም ለጽሑፍ ብቻ ተብሎ መነበብ የለበትም፡፡ ግን ሠዓሊው የድርሻውን ካላደረገ፣ ማለትም ምንጩን ከሥራው ጎን ባለው መግለጫ ላይ ካልጻፈ ይህንን መከላከያ ማንሳት ይቸግረዋል፡፡

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፡፡ በአንቀጽ 8 መሠረት ሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስና ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይዛባ የመጠየቅ የሞራል መብት አለው፡፡ መቁረጥ በባሕርይው ማዛባት ነውና ይህ አንቀጽ የኮላዥ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፡፡

አራተኛ፣ የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው ፎቶግራፉ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው፤ የሌላው ሥራ በመርህ ደረጃ አመንጪው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፡፡ ስለዚህ ደርግ ከመውደቁ በፊት የተነሳ ፎቶግራፍ ዛሬ ከዚህ ጊዜ ውጪ ነው፡፡ የድሮ ጋዜጣና መጽሔት ለሚቆርጥ ሠዓሊ ይህ ሰፊ ሜዳ ነው፡፡

አምስተኛ፣ ሦስተኛውን ሰው የእኛ ሕግ አልረሳውም፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፡፡ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ በያዘው የመንግሥት ሥራ ምክንያት ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ክንውን ጋር ሲያያዝ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይናገራል፡፡ ሚኒስትሩን ቆርጦ መለጠፍ አንድ ነገር ነው፤ በረሃብ ዘመን ፎቶግራፍ የተነሳችን እናት ቆርጦ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው፡፡ እነዚያ የጃማይካ ሰዎች ጉዳይ በዚህ ሕግ ቢታይ ኖሮ ቢያንስ የመጠየቅ በር ይከፈትላቸው ነበር፡፡

ምን ይደረግ?

ይህ ሁሉ ወጣቱ ሠዓሊ መቀሱን እንዲያስቀምጥ የተጻፈ አይደለም፡፡ የውጭ ጋለሪዎችና ሙዚየሞች ከሠዓሊ ጋር በሚዋዋሉበት ጊዜ «ሥራው የሌላውን መብት አይነካም፤ ክስ ቢመጣ ኃላፊነቱ የሠዓሊው ነው» የሚል አንቀጽ ማስገባታቸው የተለመደ ነው፡፡ ብዙዎች ሳያነቡት ይፈርማሉ፡፡ ቁራጩ ከየትኛው ኅትመት፣ መቼና በማን እንደተሠራ በደብተር መመዝገብ ምንም ወጪ የለውም፡፡ ቁራጩ ሊለይ በማይችልበት መጠን ከተለወጠ ስጋቱ ትንሽ ነው፡፡ ከተለየና ሥራው ስለዚያው ምስል የሚናገር ከሆነ ምንጩን መግለጽ፣ ከተለየና ለጌጥ ብቻ ከገባ ማስፈቀድ ወይም ሌላ ቁራጭ መፈለግ፣ የግል ሰው ፊት ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት ያንን ሰው ማሰብ ተገቢ ነው፡፡

በመጨረሻ ነገሩ እኛን ጋዜጠኞችንና አሳታሚዎችንም ይመለከታል፡፡ አዋጁ በአንቀጽ 6 ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን አለዚያም የወኪሉን ስም ወይም አድራሻ ሲይዝ ነው ይላል፡፡ ጋዜጦቻችን ደግሞ ፎቶግራፍ ያለ ስም ማውጣት ለምደዋል፡፡ ያለ ስም የወጣውን ፎቶግራፍ ሠዓሊው ቢቆርጠው «ባለቤቱን አጣሁት» ማለቱ ሐሰት አይሆንም፤ ስሙን አስቀድመን የቆረጥነው እኛ ነንና፡፡ ሠዓሊው ምንጩን እንዲጠቅስ ከመጠየቃችን በፊት ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር የአንሺውን ስም መጻፍ እንጀምር፡፡